የብራና ኅዳግ ጽሑፎች እንደ አካባቢ ታሪክ ምንጭ

በብራና መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ የተጻፉ አጫጭር ማስታወሻዎች ዜና መዋዕል ያላነሣቸውን ሰዎች ስም ይዘው ቆይተዋል። የመሬት ሽያጭ፣ ውርስ፣ ስጦታና የንብረት ዝርዝር ይገኝባቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚጻፉት በአራቱ ወንጌል ላይ ነው፤ በቅዱስ መጽሐፍ ላይ የሰፈረን ውል ለማፍረስ ብዙዎች አይደፍሩም ነበርና። ውሉ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» (የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን) በሚል ግዝት ይደመደማል።

ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የነበሩት ማስታወሻዎች ጥቂት ናቸው፤ በአብዛኛውም ጉልት (ከመሬት ግብር የመቀበል መብት) የሰጡትን ነገሥታት ይጠቅሳሉ።

የ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ግን ባለጸጋ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት ደብረ ፀሐይ ቁስቋምና በሌሎች አድባራት ለካህናትና ለደብተራዎች የተደለደለው ሪም የተባለ መሬት ሲሸጥና ሲለወጥ በጥንቃቄ ተመዝግቧል። አንድ የሽያጭ ጽሑፍ ሻጭን፣ ገዢን፣ በወቄት ወርቅ የተቆረጠውን ዋጋ፣ ዋሱንና እማኞቹን በተርታ ያስቀምጣል። ሴቶች እንደ ሻጭም እንደ ገዢም ይታያሉ፤ ባለሙያውን፣ ሎሌውንና ባልቴቷን በስም የምናገኛቸው እዚህ ነው። የተሸጠው መሬቱ ራሱ ነው ወይስ የመጠቀም መብቱ የሚለው አጥኚዎችን ያከራክራል። ጽሑፎቹ በቋሚነት እጅ ስለ መለወጥ መናገራቸው ግን የመጀመሪያውን አስተያየት የሚደግፍ ይመስላል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው ወደ መቅደላ ካስገቧቸው መጻሕፍት የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. በመቶዎች የሚቆጠሩትን ወሰደ። ስለዚህ የአንዳንድ ጎንደሬዎች የመሬት ውል ዛሬ የሚነበበው ለንደን ላይ ነው። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ የቀሩትም ተጎዱ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን ቀርጾ ቅጂያቸው በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል እንዲቀመጥ አድርጓል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር በማዘጋጀት የዋሉት ውለታ ታላቅ ነው።

እነዚህን ጽሑፎች የሚያጠና ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ይዞ ገበዙን (የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ጠባቂ) በማነጋገር ነው። መጽሐፉ በዕቃ ቤት ሲገኝ እንዳይሰነጠቅ እስከ ጥግ አይዘረጋም። ቅጠሎቹ ከመጀመሪያው ባዶ ቅጠል ጀምረው ይቆጠራሉ፤ ፊትና ጀርባቸው ለየብቻ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ይነሣል። ጽሑፉ እንዳለ ይገለበጣል፤ ፊደል «ማረም» ክልክል ነው፣ ስሕተቱ የጸሐፊውን አነጋገር ያሳያልና።

ስም ተፍቆ ከሆነ መብራቱን ከጎን በዝቅታ ማብራት ይረዳል፤ ምላጩ ያሻከረው ቦታ ጥላ ይጥላል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ስለሚሠራ በደንብ ከተፋቀ ብራናው ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። ሐምራዊ ቀለም ካለ ጽሑፉ ዘግይቶ የገባ ነው ማለት ይቻላል።

ዘመኑን ማስላት ብዙዎችን ያሳስታል። ለምሳሌ «፸፪፻፵ ዓመተ ዓለም» ላይ 5500 ሲቀነስ 1740 ዓ.ም. ይወጣል፤ ይህም የዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ነው። 7240 ለ4 ሲካፈል ቀሪ ስለሌለው ወንጌላዊው ዮሐንስ መሆን አለበት (ቀሪ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ)። ጽሑፉ ማቴዎስ ካለ ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል ወይ ኋላ ተገልብጧል። «ዓመተ ምሕረት» ተብሎ ትንሽ ቁጥር ብቻ ሲሰጥ ደግሞ በ532 ዓመቱ ዐቢይ ቀመር የተቆጠረ ሊሆን ይችላል።

ሌላው መሰናክል ስም ነው። አንዲት ሴት በጸሎቱ ውስጥ በክርስትና ስሟ «ወለተ ማርያም» ተብላ፣ በሽያጩ ላይ ደግሞ በዓለም ስሟ ትጠራለች። ሁለቱን አንድ የሚያደርገው የባል ስም፣ ማዕረግ ወይም የመሬቱ አዋሳኝ ነው። አዋሳኙን የሚያውቁት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ርስት የሚጠየቀው ዘር ተቆጥሮ ስለነበር ትውልድ በቃል ይጠበቅ ነበር፤ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ ቆጠራው ጥቅሙን አጥቶ በብዙ ቤት ተቋርጧል። ስለዚህ ብራናው ይቆያል፤ ሽማግሌው ግን መጀመሪያ ሊጠየቅ ይገባል።