የአረጋውያን እንክብካቤ፦ ደግነት የሚመስሉ ስህተቶች

አረጋውያን በሚኖሩበት ማዕከል ጉዳት የሚደርሰው በክፉ ሰው እጅ ብቻ ይመስለናል። ብዙው ጉዳት ግን «ይረፉ»፣ «እንዳይወድቁ»፣ «እንዳይቸገሩ» ከሚል ቅን ሐሳብ የሚመጣ ነው። ዘመድ ለማስገባት የምታስቡም፣ በሥራው ላይ ያላችሁም ከታች ያሉትን ልብ በሉ።

«ደክመዋል፤ ተኝተው ይረፉ»

የማይገላበጥ ሰውነት አያርፍም። አጥንት ቆዳን ከፍራሹ ጋር ሲጫነው ወደዚያ ቦታ የሚሄደው ደም ይቋረጥና ሥጋው መሞት ይጀምራል። የአልጋ ቁስል ይህ ነው። ከመቀመጫ በላይ ባለው አጥንት፣ በዳሌ ጎን፣ በተረከዝና በቁርጭምጭሚት ይብሳል። ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉትን በተራ ፍራሽ ላይ በየ2 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ማገላበጥ የተለመደው መነሻ ነው። ጫናን የሚቀንስ ጥሩ ፍራሽ ካለና ቆዳው ጤነኛ ከሆነ እስከ 4 ሰዓት ሊራዘም ይችላል።

አገለባበጡም ሙያ ነው። ሙሉ በሙሉ በጎን ማስተኛት የዳሌን አጥንት ያስጨንቃል፤ ጀርባቸው ሥር ትራስ አድርጎ 30 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ይሻላል። ተረከዝ አየር ላይ እንዲሆን ትራሱ በባታቸው ሥር በርዝመቱ ይቀመጣል፤ ቁርጭምጭሚት ሥር ብቻ ከሆነ ጫናውን ወደዚያ ያዛውረዋል። ወደ ትራስጌ ሲመለሱ ደግሞ ለሁለት ሆኖ በአንሶላ ማንሳት ይሻላል፤ ብብት ይዞ መጎተት ቆዳን ከሥር ይቀዳል።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምንለው ነገር አለ። ብዙ የሙያ ጽሑፍ «ቆዳው ሲቀላ» ይላል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ ቁስሉ ሳይጠረጠር ይቆያል። ዓይን ብቻ አይበቃም። የእጅን ጀርባ አስጠግቶ ቦታው ከዙሪያው ይበልጥ መሞቁን ወይም መቀዝቀዙን፣ መጠንከሩን ወይም መላላቱን፣ መጥቆሩን ወይም ወይን ጠጅ መምሰሉን ማየት ያስፈልጋል። «ያመኛል» ካሉ ምንም ባይታይም እመኗቸው። እንዲህ የተለወጠን ቦታ በቅባት ማሸት ደም አያዘዋውርም፤ ውስጡ የተጎዳውን ሥጋ ያባብሳል። ጫናውን ማንሳት ነው መፍትሔው።

«ሌሊት እንዳያረጥቡ ውሃ ይቀነስላቸው»

ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት ይደበዝዛል፤ «አልጠማኝም» ማለታቸው ውሃ አይሻቸውም ማለት አይደለም። ለሴት በቀን 1.6 ሊትር፣ ለወንድ 2 ሊትር ያህል መጠጥ ይመከራል። 200 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ ለሴት 8፣ ለወንድ 10 ጊዜ መሆኑ ነው። ሻይ፣ ወተት፣ አጥሚትም ይቆጠራል። ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው የታመመ ከሆነ መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው።

ውሃ ሲያንስ ሽንት ይወፍርና ፊኛን ይቆጠቁጣል፤ ሽንቱ ያኔ ይበልጥ ያመልጣል። የሆድ ድርቀትና ግራ መጋባትም ይከተላሉ። የሚሻለው አብዛኛውን መጠጥ በቀን ሰጥቶ ወደ መኝታ ሲቃረብ ማሳነስ፣ በየ2 ሰዓቱም «ሽንት ቤት እንሂድ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዳይፐር ይህን አይተካም።

የጾም ጊዜ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ቢቆዩ ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። መከልከል ሳይሆን ቀድሞ ከሐኪሙም ከነፍስ አባታቸውም፣ ሙስሊም ከሆኑ ከሼሁ ጋር መነጋገር ነው የሚበጀው። ያለ አረጋውያኑ ፈቃድ ደብቆ ማብላት ክብራቸውን መንካት ነው።

«ማሰር ከመውደቅ ያድናል»

የታሰረ ሰው የጭን ጡንቻው ይሟሽሻል፤ በተፈታ ቀን ይበልጥ ይወድቃል። ሊፈታ ሲታገል በማሰሪያው ታንቆ የሞተም አለ። የአልጋ ጎን ብረትም ለመውጣት ለሚሞክር ሰው የሚወድቅበትን ከፍታ ይጨምራል። በአሜሪካ የ1987ቱ የአረጋውያን መኖሪያዎች ሕግ ለቅጣት ወይም ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ማሰርንም በመድኃኒት ማደንዘዝንም ከልክሏል። ለረዳት ነርሶች ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ያስገደደውም እሱ ነው፤ በዋሽንግተን አካባቢ በዚህ ሙያ የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን ኮርሱን ያውቁታል።

የሚነሱት ለምን እንደሆነ መጠየቅ ይቅደም፤ ብዙውን ጊዜ ሽንት፣ ሕመም፣ ረሃብ ወይም ብርድ ነው። አልጋውን ዝቅ ማድረግ፣ ሽንት ቤት ድረስ መብራት ማኖር፣ ነጠላ ጫማን ተረከዙ በተዘጋ፣ በማያንሸራትት ጫማ መተካት ብዙ መውደቅን ያስቀራል።

«መቀባጠር የእርጅና ነው»

የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ሰው ካልለዩ ሕመም አለ፤ በዕለቱ ለሐኪም ይነገር። እስከዚያ ትኩሳት፣ ሽንት፣ ሰገራ መቼ እንደወጡ፣ ውሃ፣ ስኳር፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ይታይ። በአዛውንት ላይ የሳንባ ምች ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል።

በውጭ አገር ላሉት አንድ ነገር እንጨምር። የመርሳት በሽታ ሲጠና ቆይቶ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። እስራኤል ወይም አሜሪካ ያሉ አባት ወደ አማርኛ ሲመለሱ ሠራተኛው «ይለፈልፋሉ» ብሎ ይመዘግባል። «ውሃ»፣ «ሽንት»፣ «አመመኝ» የሚሉትንና ሌሎች ዋና ዋና ቃላትን በሠራተኛው ፊደል ጽፎ ራስጌ መለጠፍ የቤተሰብ ሥራ ነው።

«ማጉረስ ፍቅር ነው»

ነው፤ መዋጥ ለሚያስቸግራቸው ግን ትልቅ ጉርሻ ያንቃል፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባም ይችላል። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ በሻይ ማንኪያ፣ አገጭ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የፊተኛው መዋጡ ታይቶ ብቻ ሌላው ይከተል። ሲበሉ ካሳሉ ወይም ድምፃቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ፈሳሽ ያለ ይመስል እርጥብ ከሆነ ይቁም። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ አይተኙ።

«ንጹሕና ጸጥ ያለ ስለሆነ ጥሩ ቤት ነው»

ንጽሕናው ይጠቅማል፤ ጸጥታው ግን አንዳንዴ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ውጤት ነው። ለጉብኝት ስትሄዱ የመገላበጫ ሰዓት የሚሞላበትን ወረቀት፣ የመድኃኒት መዝገቡንና የክብደት መዝገቡን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ክብደት ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ይለካል፤ 60 ኪሎ የነበሩ ሰው ሳያስቡት በአንድ ወር 3 ኪሎ ከቀነሱ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።