የታጠበ እጅና «የከሸፈ» ሙከራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እጅ በሳሙና ከታጠበ ሳህኑ ላይ ምንም መብቀል የለበትም።» ስለ ባክቴሪያ ከሚነገሩት ስሕተቶች እንደዚህ የሚያበሳጨኝ የለም። ሙከራው የታወቀ ነው፤ ተማሪው ሳህን ውስጥ በአጋር (እንደ ጄሊ በሚያረጋ ነገር) በረጋ የባክቴሪያ ምግብ ላይ መጀመሪያ ያልታጠበ ጣቱን፣ በሌላ ሳህን ላይ ደግሞ የታጠበውን ይጫናል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲታይ የታጠበው ጣት ያረፈበት ሳህን እኩል፣ አንዳንዴም የበለጠ አብቅሏል። መምህሩ «በደንብ አልታጠብክም» ብሎ ይቆጣል፤ ሳህኑም ይጣላል። በዚህ ምክንያት «ትክክለኛውን» ውጤት ፈጥሮ መጻፍ የለመደ ተማሪ አስተምሬያለሁ። ይህ ሳይንስን ማስተማር ሳይሆን ውሸትን ማስለመድ ነው።

ልጁ ታጥቧል። ፊሊፕ ፕራይስ የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1938 እንዳሳየው፣ በቆዳችን ላይ እንግዳና ነዋሪ ባክቴሪያዎች አሉ። እንግዶቹ ከበር እጀታ ወይም ከጥሬ ሥጋ ተነሥተው ለጊዜው የሚለጠፉ ናቸው፤ በሽታ የሚያስተላልፉት በአብዛኛው እነሱ ሲሆኑ ሳሙናና ውሃ በቀላሉ ጠርገው ይወስዷቸዋል። ነዋሪዎቹ ግን፣ ለምሳሌ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ፣ በቆዳው ንብርብርና በፀጉር መውጫ ቀዳዳዎች ውስጥ ይኖራሉ። መታሸት አላቅቆ ወደ ላይ ያወጣቸዋል፤ እርጥብ ጣት ደግሞ ከደረቀ ጣት ይልቅ አብዝቶ ያስተላልፋል። ሳህኑ ስንት እንደበቀለ ያሳያል እንጂ ጎጂው የትኛው እንደሆነ አይነግረንም። ስለዚህ ጣት ይድረቅ፤ ማንም ያልነካው ሳህን ለማነጻጸሪያ ይቀመጥ፤ ድምዳሜውም ከአንድ ልጅ ሳይሆን ከመላው ክፍል ውጤት ይወሰድ።

«ዳቦው ላይ የወጣው አረንጓዴ ነገር ባክቴሪያ ነው።» አይደለም፤ ሻጋታ ነው፣ የፈንገስ ወገን።

«ቁንዶ በርበሬው ከሳሙናው እንደሸሸ ጀርምም ይሸሻል።» ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ውሃ ውስጥ ሳሙና የነካ ጣት ሲገባ ዱቄቱ ወደ ዳር ይሮጣል። ይህ የሚሆነው ግን ሳሙናው የውሃውን የገጽ ውጥረት (ገጹን ወጥሮ የሚይዘውን ኃይል) ስለሚቀንስ ነው፤ ውሃው ራሱ ወደ ዳር ይሳባል፤ ዱቄቱንም ይዞት ይሄዳል። ጀርም አይሸሽም፤ ሳሙና ከቅባቱ ጋር ያላቅቀዋል፣ ውሃው ይወስደዋል።

«ሳህኑ ላይ የበቀለችው አንዷ ነጥብ አንድ ባክቴሪያ ናት።» በዓይን የምትታይ ነጥብ ሚሊዮኖችን ይዛለች። በየ20 ደቂቃው የሚከፈል ባክቴሪያ፣ ምግብና ቦታ ካላነሰው፣ በ10 ሰዓት ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል።

«በ37 ዲግሪ ብናሳድገው ይሻላል፤ ቶሎ ይታያል።» ይህን ምክር ለመምህራን የሚሰጥ ሰው ዝም ቢል እመርጣለሁ። 37 ዲግሪ የሰውነታችን ሙቀት ነው፤ በእኛ ውስጥ መኖር ለሚችሉት፣ በሽታ አምጪዎችንም ጨምሮ፣ ይመቻቸዋል። ለክፍል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይበቃል፤ ሁለት ቀን ተጨማሪ ይጠበቅ። ክዳኑ በሁለት ወይም በአራት ቦታ በፕላስተር ይያዝ እንጂ ዙሪያው ሙሉ በሙሉ አይታሸግ፤ አየር ሲያጣ ኦክስጅን የማይፈልጉት ይበረታሉ። ከበቀለ በኋላ ማንም ለማሽተትም ሆነ ለመንካት አይክፈተው። ሲያበቃ ሳህኑ ሳይከፈት በአውቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት ጀርም በሚገድል ዕቃ) በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ያህል ይቀቀል፤ ከዚያ ይጣል።