ሽንኩርት፣ ኩዌርሴቲን እና ከላቦራቶሪ ያመለጠው ወሬ

በመራዊ ገበያ የቆጋ መስኖ ቀይ ሽንኩርት በሚራገፍበት ሰሞን አክስቴ ልጣጩን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው አገኘኋቸው። በስልክ በደረሳቸው ቪዲዮ «በሽንኩርት ልጣጭ ያለው ኩዌርሴቲን የካንሰርን ሕዋስ ይገድላል» ሲባል ሰምተው፣ ቀቅለው ለታመመች ጎረቤታቸው ሊያጠጡ ተዘጋጅተው ነበር። ሕዋሳትን በላቦራቶሪ እያሳደግሁ ለምኖረው ለእኔ ወሬው አዲስ አይደለም፤ ባሕር ዳር ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ አንዳንዴ በተማሪዎቼ ጽሑፍ ሳይቀር ይደርሰኛል።

ቀላሎቹን ስሕተቶች ላስቀድም። የሽንኩርቱ ቅላት አንቶሲያኒን ከተባሉ የቀለም ውህዶች የመጣ ነው፤ ኩዌርሴቲን ራሱ ቢጫ ዱቄት ነው። ቫይታሚንም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ሳይንቲስቱ አልበርት ሴንት ጆርጂ ከሎሚ የተገኙ ፍላቮኖይዶችን፣ ማለትም ኩዌርሴቲን የሚመደብበትን የተክል ውህዶች ቤተሰብ አባላት፣ «ቫይታሚን ፒ» ቢላቸውም ስያሜው ኋላ ቀርቷል። በሽንኩርት ብቻ የሚገኝም አይደለም፤ ሻይ ቅጠል፣ ፖምና ሽፈራውም አላቸው።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰው ግን «በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ከገደለ ሰውን ያድናል» የሚለው ነው። ሲገድል እኔም አይቻለሁ። ዱቄቱ በውኃ እምብዛም ስለማይሟሟ ዲ.ኤም.ኤስ.ኦ. በተባለ ፈሳሽ እናሟሟውና ሕዋሳቱ በሚያድጉበት ሮዝ ፈሳሽ ላይ፣ ለምሳሌ 50 ማይክሮሞላር እስኪሆን፣ ማለትም በሊትር 15 ሚሊግራም ያህል፣ እንጨምረዋለን። ሽንኩርት በበላ ሰው ደም ውስጥ የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ማይክሮሞላር በታች ነው፤ እርሱም ቢሆን አንጀትና ጉበት ከግሉኩሮኒክ አሲድ ወይም ከሰልፌት ጋር አጣምረው የለወጡት ነው።

ሌላም ችግር አለ። ኩዌርሴቲን በዚያው ፈሳሽ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ በራሱ እየፈረሰ ሕዋስን የሚገድል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። አንዲት ተማሪዬ ኩዌርሴቲን የጨመረችባቸው ሕዋሳት ሞተው፣ ክብ ሆነው ሲንሳፈፉ በማይክሮስኮፕ አይታ በደስታ ጠራችኝ፤ ፐርኦክሳይድን የሚያፈርሰውን ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም ጨምራ እንድትደግመው አዘዝኋት። በሁለተኛው ሳህን አብዛኞቹ ሕዋሳት ከወለሉ ተጣብቀው በሕይወት አደሩ። ይህን ማጣሪያ ሳይሠሩ «ኩዌርሴቲን ገደለ» ብሎ መጻፍ በእኔ ዓይን ስንፍና ነው።

ውህዱ ከንቱ ነው አላልሁም። እ.ኤ.አ. በ1994 ኬሚስቶች ከኩዌርሴቲን ቅርጽ ተነሥተው ኤል.ዋይ. 294002 የተባለውን ውህድ አዘጋጅተዋል፤ ፒ.አይ.3 ካይኔዝ የተባለውን ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ ሕዋስ የዕድገት ትእዛዝ እንዴት እንደሚቀበል ለማጥናት ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። ኩዌርሴቲን ራሱ ግን ከብዙ ፕሮቲኖች ጋር ስለሚጣበቅ፣ ውጤቱ በየትኛው በኩል እንደመጣ ለመናገር ያስቸግራል።

«ከተክል የመጣ አይጎዳም» ለሚሉኝም፣ በወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርት አያሳስበኝም እላለሁ። በእንክብል የሚሸጠው ግን ከሐኪም መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ስለሚችል፣ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ ቀጠሮውንም በምንም ምክንያት አያሳልፍ።

ለአክስቴ ይህን ሁሉ ካስረዳሁ በኋላ ከጎረቤታቸው ጋር ለሕክምና ቀጠሮዋ አብረው ሄዱ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ልጣጭ ምን ላድርገው?» ሲሉኝ፣ ተቀቅሎ ፈትልን ቢጫ እንደሚቀልም ነገርኋቸው። ከረጢቱ እስከ ዛሬ ከጓዳቸው አልወጣም።