ኮልማንስኮፕ፦ አሸዋ የወረሳት የአልማዝ ከተማ

ኮልማንስኮፕ ደቡብ ናሚቢያ ውስጥ፣ ከወደብ ከተማዋ ከሉደሪትዝ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በናሚብ በረሃ ላይ ትገኛለች። ነዋሪ የላትም፤ ጎብኚ ግን አይጠፋባትም። (ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1908 ነው። አገሩ ያኔ የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበር። ከሉደሪትዝ ወደ መሀል አገር የሚሄደውን የባቡር ሐዲድ አሸዋ እየደጋገመ ይውጠው ስለነበር በአካፋ የሚጠርጉ ሠራተኞች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ፣ ዘካሪያስ ሌዋላ፣ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አገኘ። ቀደም ሲል በደቡብ አፍሪካው የኪምበርሊ አልማዝ ማውጫ ሠርቷል ይባላል። ስለዚህ በእጁ የገባው ምን እንደሆነ አላወቀም ማለት ይከብዳል። ለአለቃው ለአውግስት ሽታውክ ሰጠው። ሽታውክ የፍለጋ ፈቃድ አወጣና ሚሊየነር ሆነ። ለሌዋላ ጠብ ያለለት ነገር የለም። አንዳንድ ጽሑፎች ግኝቱን ለሽታውክ ይሰጣሉ። አግኚው ሌዋላ ነው። ሽታውክም ቢሆን ሀብቱን በ1930ዎቹ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን አጥቶ በ1947 በድህነት ሞቷል።

ሐዲዱ ራሱ በእስረኞች ጉልበት የተዘረጋ ነው። ከ1904 እስከ 1908 በሄሬሮና በናማ ሕዝቦች ላይ በተካሄደው ጭፍጨፋ የተማረኩት በሉደሪትዝ ሻርክ ደሴት ታስረው መስመሩን እንዲሠሩ ተገደዱ። ብዙዎቹ እዚያው አለቁ።

የአካባቢው አልማዝ ጥልቅ ጉድጓድ አያስፈልገውም ነበር። በጥንት ዘመን የኦሬንጅ ወንዝ ከመሀል አገር ጠርጎ ወደ ባሕር አወረደው፣ ሞገዱ ወደ ዳርቻው መለሰው፣ ነፋሱ ደግሞ አሸዋውን ገልጦ አሳየው። ሠራተኞች በእንብርክካቸው እየዳሁ ይለቅሙት ነበር። የጀርመን መንግሥት ወዲያው በዚያው ዓመት ሰፊውን ምድር "የተከለከለ ክልል" ብሎ አጠረው።

ከዚያ በኋላ ያለው ብልጽግና ጉድ የሚያሰኝ ነው። ጠብታ ውኃ በሌለበት በረሃ ላይ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የዳንስና የቲያትር አዳራሽ፣ የቦውሊንግ መጫወቻ ተሠራ። የሚጠጣው ውኃ በመርከብ ከኬፕ ታውን ይመጣ ነበር። የበረዶ ፋብሪካው ለየቤቱ በረዶ ያድል ነበር። ከሱቁ ወደየቤቱ ዕቃ የሚያመላልስ ትንሽ ባቡርም ነበራቸው። ሆስፒታሉ በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ የመጀመሪያው የራጅ መሣሪያ እንደነበረው ይነገራል፤ ምናልባት ተጋንኖ ይሆናል። መሣሪያው ግን ሕመምተኛ ከማየት በተጨማሪ አልማዝ የዋጠ ሠራተኛ መፈተሻም ነበር። በረዶውና ዳንሱ ለጥቂት መቶ ጀርመኖች ነው። አልማዙን የሚለቅሙት፣ አብዛኞቹ ከሰሜን የመጡ ኦቫምቦዎች፣ በኮንትራት ታስረው በሠራተኛ ካምፕ ያድሩ ነበር። በጎብኚ መጽሔቶች ላይ ግን የሚደምቀው የጌቶቹ ሳሎን ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምርቱ ቀነሰ። በ1920ዎቹ መጨረሻ በኦሬንጅ ወንዝ አፍ አካባቢ የበለጠ የከበረ ክምችት ሲገኝ ሰው ወደ ደቡብ ነጎደ። በ1956 የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች ወጡ።

እድሳቱ የተጀመረው በ1980 ገደማ ነው። ዳንስና ቦውሊንግ ያለበት አዳራሽ እንዲሁም ጥቂት ቤቶች ተጠግነው ሙዚየም ሆኑ። የቀሩት እንዳሉ ተተዉ። ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ሰው የሚመጣውም አሸዋ እስከ መስኮት የሞላባቸውን ክፍሎች ለማየት ነውና።

አካባቢው ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ የሚያስረዱ አስጎብኚዎችም አሉ። መሬት ላይ ያገኙትን ድንጋይ ኪስ መክተት አይሞከርም፤ በናሚቢያ ያልተሞረደ አልማዝ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። አንዳንዱ ወለልና ደረጃ በስብሷል፣ በተለይ ሆስፒታሉ ውስጥ እግርን እያዩ መርገጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ጠዋት ይመረጣል። የተለመደው ጉብኝትም በጠዋት ነው። ጀንበር ስትወጣ ወይም ስትጠልቅ ፎቶ ማንሳት የፈለገ ለየት ያለ ፈቃድ ቀድሞ ይገዛል።