ቁመት ብቻውን ፍሬም አይመርጥም፦ ስለ ኮርስ ብስክሌት ልክ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሁለት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ሲቆሙ አናታቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም 178 ሴንቲ ሜትር ናቸው። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንደኛው በመዳፍ ስፋት ያህል ዝቅ ይላል። ዝቅ ያለው ቁመቱን በእግሩ የያዘ ነው፤ ሌላው ከወገቡ በላይ። የኮርስ ብስክሌት ሻጭ ግን ሁለቱንም «ቁመትህ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅና አንድ ዓይነት ፍሬም ያወጣላቸዋል። የአንገት ሕመሙም፣ የጣት መደንዘዙም የሚጀምረው ከዚህች ጥያቄ ነው።

እኔ እግሬ ረጅም፣ ከወገቤ በላይ አጭር ነኝ። የመጀመሪያ ብስክሌቴን በቁመት ሠንጠረዥ መርጬ ሁለት ዓመት ያህል ትንሿ ጣቴ እየደነዘዘች ነዳሁ። ጉድለቱ በሰውነቴ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ የነበረው በፍሬሙ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሜትር ይዤ ብዙ ወዳጆቼን ለክቻለሁ። በየጊዜው የምሰማቸው የተሳሳቱ ሐሳቦች ያው ስለሆኑ አንድ በአንድ ላንሣቸው።

«ቁመትህን ካወቅህ የፍሬም ልክህን አወቅህ»

የአምራቾች ሠንጠረዥ የተሠራው አማካይ ሰውን በማሰብ ነው። ከመቀመጫ እስከ አናት ያለው ርዝመት በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከጠቅላላ ቁመት ከ50 እስከ 54 በመቶ ይሆናል። አራት በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ 178 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ግን 7 ሴንቲ ሜትር ነው። በአንድ ሞዴል ተከታታይ ልኮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

እነዚያን ሁለት ሰዎች አንድ ብስክሌት ላይ እናውጣቸው። የአንደኛው የውስጥ እግር ርዝመት (ከብሽሽት እስከ ወለል) 88፣ የሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ቱር ደ ፍራንስን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ሌሞንድ በ1980ዎቹ ያስተዋወቀው ስሌት አለ፦ የውስጥ እግርን ርዝመት በ0.883 ማባዛት። ውጤቱ ከፔዳል ክንዶቹ መሽከርከሪያ ማዕከል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። ለመጀመሪያው 77.7፣ ለሁለተኛው 70.6 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የተለመደ ቅርጽ ባለው ባለ 56 ሴንቲ ሜትር ፍሬም ላይ፣ በተለመደ ስቴም (መሪውን ከሹካው አንገት ጋር የሚያያይዘው ክፍል) እና ከሥሩ በሚገቡ ጥቂት ማንሻ ቀለበቶች ሳሰላው፣ የመጀመሪያው ሰው መሪ ከኮርቻው ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ የሁለተኛው ከ5 አይበልጥም። የመጀመሪያው እንደ ተወዳዳሪ አጎንብሷል፤ ሁለተኛው ተዝናንቶ ተቀምጧል። ቁመታቸው ግን እኩል ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም ነገር አለ። ኮርቻውን የሚሸከመው ቱቦ ወደ ኋላ ያጋደለ ስለሆነ ኮርቻው ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ኋላም ይሄዳል። የ7 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይወስዳል። ስለዚህ እግረ ረጅሙ ሰው መሪው ዝቅ ማለቱ ሳያንሰው ይርቅበታልም፤ ከወገቡ በላይ አጭር የሆነው ደግሞ እሱ ነው። ለረጅም እግርና ለአጭር ደረት የቁመት ሠንጠረዥ እጥፍ የሚበድለው ለዚህ ነው።

«ፍሬሙን በእግሬ መካከል አድርጌ ከቆምኩ ልኬ ነው»

ይህ የላይኛው ቱቦ አግድም ይሠራ ከነበረበት ዘመን የተረፈ መለኪያ ነው። በ1990ዎቹ እንግሊዛዊው ማይክ ቡሮውስ ለብስክሌት አምራቹ ጃየንት የነደፈው ቲሲአር የተባለ ብስክሌት የላይኛውን ቱቦ ወደ ኋላ አዘቅዝቆ ከሠራ በኋላ ሌሎችም ተከተሉት፤ ዛሬ በጣም ብዙው ፍሬም እንዲህ ነው። ቱቦው ካዘቀዘቀ ከሥርዎ ክፍተት መኖሩ መሪው የት እንዳለ አይነግርዎትም። በፍሬሙ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ያው ነው፤ አንዱ አምራች የኮርቻውን ቱቦ እስከ ጫፉ፣ ሌላው የላይኛው ቱቦ እስከሚገናኘው መሃል ድረስ ይለካዋል። የአንዱ 56 የሌላው 54 ቢሆን አያስደንቅም።

«የእግሬን ርዝመት ከሱሪዬ አውቀዋለሁ»

የሱሪ ልክ ከእውነተኛው የውስጥ እግር ርዝመት ብዙ ጊዜ በርካታ ሴንቲ ሜትር ያንሳል። ሱሪ አጥንት ድረስ አይደርስም፤ ብስክሌት ላይ የምንቀመጠው ግን በአጥንት ነው። ጫማ አውልቀው ጀርባዎን ለግድግዳ ይስጡ፤ እግርዎን በ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይክፈቱ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግርዎ መካከል ያስገቡና አንዱን ጠርዝ ከግድግዳው ጋር አስደግፈው ኮርቻ ላይ የተቀመጡ ያህል እስኪሰማዎት ድረስ ወደ ላይ ይጫኑት። በመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው እስከ ወለሉ ይለኩ። ሦስት ጊዜ ይድገሙት። በሦስቱ መካከል ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ከመጣ መጽሐፉ ጋድሏል ወይም እርስዎ በጣትዎ ቆመዋል።

የሌሞንድ ስሌት መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። የእግር መዳፍን ርዝመት፣ የጫማ ሶልን ውፍረት፣ የፔዳል ክንድን ርዝመት አያውቅም። እግር ከታች ሲደርስ ጉልበት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ገደማ መታጠፉን ማየት ከቁጥሩ ይበልጣል።

«ሪቹ ያነሰው ፍሬም አጭሩ ነው»

ይህ ስሕተት ቁጥር ማንበብ የለመዱትን እንኳ ይጥላል፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው። ስታክ ማለት ከፔዳል ክንዶቹ ማዕከል እስከ መሪው ቱቦ (የሹካው አንገት የሚያልፍበት የፍሬሙ የፊት ቱቦ) አናት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚለካ ከፍታ ነው። ሪች ደግሞ ከዚያው ማዕከል ተነሥቶ እስከዚያው አናት ወደ ፊት በአግድም የሚለካ ርቀት። ፍሬም ሲወዳደር ከሁሉም በላይ የሚታመኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ምክንያቱም የኮርቻው ቱቦ ቢያጋድልም ባያጋድልም፣ የላይኛው ቱቦ ቢያዘቀዝቅም ባያዘቀዝቅም አይዋሹም።

ነገር ግን ተነጥለው አይነበቡም። የመሪው ቱቦም ከአግድም በ73 ዲግሪ ገደማ ቆሞ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው። ከስቴሙ ሥር ቀለበት ጨምረን መሪውን በ10 ሚሊ ሜትር ስናነሣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ እኛ ይቀርባል። እንግዲህ ሁለት ፍሬሞች እናስቀምጥ። የመጀመሪያው ስታክ 540፣ ሪች 385፤ የሁለተኛው ስታክ 570፣ ሪች 378። ሠንጠረዡን የሚያይ ሁለተኛው በ7 ሚሊ ሜትር ያጥራል ይላል። እግረ ረጅሙ ጋላቢ ግን መሪውን ከፍ ማድረግ ግዴታው ነው፤ የመጀመሪያውን ፍሬም ወደ 570 ለማድረስ 30 ሚሊ ሜትር ቀለበት ይጨምራል፤ ሪቹም በ9 ቀንሶ 376 ይሆናል። አጭር የተባለው ፍሬም በእርሱ ከፍታ ላይ በ2 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። መጀመሪያ የእጅን ከፍታ መወሰን፣ ከዚያ በዚያው ከፍታ ላይ ሪችን ማወዳደር ነው የሚገባው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ መልሱም ይገለበጣል።

ከዚሁ ጋር አንዲት ቀላል ስሌት እጠቀማለሁ፦ ስታኩን ለሪቹ ማካፈል። ለውድድር የተሠሩት ፍሬሞች በመካከለኛ ልክ 1.45 አካባቢ ይውላሉ፤ ለረጅም ጉዞ ምቾት የተሠሩት ከ1.5 ይበልጣሉ። እግሩ ረጅም፣ ከወገቡ በላይ አጭር የሆነ ሰው ወደ ሁለተኛው ወገን ቢያዘነብል ይጠቀማል፤ ፈጣን ጋላቢ ቢሆንም። ለእርሱ ከፍ ያለው ፍሬም የሰነፍ ፍሬም አይደለም፤ የሌላው ሰው የውድድር አቀማመጥ እርሱ ዘንድ የሚገኘው በዚህ ነው።

«በሁለት ልክ መካከል ከሆንክ ትንሹን ውሰድ»

ምክሩ የመጣው ከፕሮፌሽናል ተወዳዳሪዎች ነው። እነርሱ ትንሽ ፍሬም መርጠው ረጅም ስቴም ይገጥማሉ፤ ነፋስን ለመቀነስ ዝቅ ማለት ይፈልጋሉ፤ ለዚያም የሚሆን የሰውነት መተጣጠፍ አላቸው። ከወገቡ በላይ ረጅም ለሆነ ሰውም ምክሩ ትክክል ነው። እግሩ አጭር ስለሆነ ኮርቻው ዝቅ ይላል፤ ትልቅ ፍሬም ቢወስድ መሪው ከኮርቻው በላይ ሊቆም ይችላል። ትንሹን ወስዶ የጎደለውን ርቀት በ120 ሚሊ ሜትር ስቴም ቢሞላ ይሻለዋል።

ለእግረ ረጅም ሰው ግን ይኸው ምክር ጉዳት ነው። ትንሹ ፍሬም የሚሰጠው ስታክ አነስተኛ ነው፤ እርሱ ከሁሉ የሚፈልገው ደግሞ ስታክን ነው። ቀለበት መደርደር ወሰን አለው፤ በተለይ የሹካው አንገት ካርቦን ከሆነ አምራቹ የፈቀደውን ቁመት ማለፍ አደጋ አለው። የኮርቻው ዘንግም ከቱቦው ሊወጣ የሚችለው የተቀረጸበት ምልክት ድረስ ብቻ ነው። በአንጻሩ ትልቁን ወስዶ ስቴሙን ከ100 ወደ 80 ሚሊ ሜትር ማሳጠር ይቻላል። ከዚያ በታች ሲወርድ የመሪው አያያዝ ስለሚለወጥ፣ ከ80 ያነሰ የሚያስፈልግ ከሆነ ሌላ ሞዴል መፈለግ ይሻላል እላለሁ።

«መሪው ከራቀብህ ኮርቻውን ወደ ፊት ግፋው»

አይሆንም። ኮርቻ የሚቀመጠው ለእግር እንጂ ለእጅ አይደለም። ወደ ፊት ሲገፋ የሰውነት ክብደት ወደ እጅ ይዞራል፤ ርቀቱ ቢያጥርም ሸክሙ ይጨምራል። እኔ ጣቴ ሲደነዝዝ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ ባሰብኝ። የጭን አጥንቱ ከቅልጥሙ ሲነጻጸር ረጅም የሆነ ሰው እንዲያውም ወደ ኋላ የተጠማዘዘ የኮርቻ ዘንግ ያስፈልገዋል። ጉልበት ከፔዳሉ መሃል በላይ በቀጥታ መዋል አለበት የሚለው የቆየ ደንብ ለመነሻ ይጠቅማል፤ ከፊዚክስ ሕግ የመነጨ ግን አይደለም። ተኝቶ የሚነዳ ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ጉልበቱ ከፔዳሉ በላይ ጨርሶ አይውልም፤ ብስክሌቱ ግን ይሄዳል።

«ሴቶች እግራቸው ረጅም ስለሆነ አጭር ፍሬም ያስፈልጋቸዋል»

ለብዙ ዓመታት የሴት የተባሉ ብስክሌቶች በዚህ ሐሳብ ላይ ተሠርተዋል። በአማካይ ሲታይ ግን የእግርና የደረት ምጣኔ በሴትና በወንድ መካከል እምብዛም አይለያይም፤ ትንሽ ልዩነት ካለም የሴቶች ከወገብ በላይ በመጠኑ ይረዝማል። በአንድ ጾታ ውስጥ ባሉ ሁለት ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት በአማካዮቹ መካከል ካለው እጅግ ይሰፋል።

እውነተኛው ችግር አጭር ቁመት ነው፤ ለወንድም ለሴትም። የተለመደው የኮርስ ጎማ የሚቀመጥበት ቸርኬ ዲያሜትሩ 622 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፍሬም ሲያንስ ይህ አያንስም። ስለዚህ በትንንሽ ልኮች ላይ መሪው ሲዞር የጫማ ጫፍ የፊት ጎማውን ይነካል፤ አምራቾችም ያንን ለመሸሽ ፍሬሙን ከሚገባው በላይ ያስረዝሙታል። አሜሪካዊቷ ጆርጂና ቴሪ በ1985 ባቋቋመችው ድርጅት የፊት ጎማውን በማሳነስ ይህን ቋጠሮ ፈታችው። ዛሬም አንዳንድ አምራቾች በትንሹ ልክ 584 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ይገጥማሉ። ቁመታቸው ከ160 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑ ጋላቢዎች ከፍሬሙ ቁጥር በፊት የጎማውን ቁጥር ቢጠይቁ መልካም ነው።

«ረጅም እግር ረጅም የፔዳል ክንድ ይፈልጋል»

በ2001 በወጣ ጥናት ጂም ማርቲንና ዋኒን ስፒርዱሶ 16 ጋላቢዎችን ከ120 እስከ 220 ሚሊ ሜትር በሚደርሱ አምስት ክንዶች ፈተኗቸው። በላቀውና ባነሰው ከፍተኛ ኃይል መካከል የተገኘው ልዩነት 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ቁመቱ 176 ሴንቲ ሜትር የሆነው ስሎቬኒያዊው ተወዳዳሪ ታዴይ ፖጋቻር ጂሮ ዲ ኢታሊያንም፣ ቱር ደ ፍራንስንም፣ የዓለም ሻምፒዮናንም ባሸነፈበት በ2024 የነዳው 165 ሚሊ ሜትር ክንድ ይዞ ነው። አጭር ክንድ ጉልበት ከላይ ሲደርስ ወደ ሆድ እንዳይጠጋ ይረዳል። ክንዱ ባጠረው ልክ ኮርቻው ከፍ ስለሚል ግን የመሪው ዝቅታም ይጨምራል፤ እግረ ረጅሞች ይህንን አስቀድመው ያስሉት።

«ሰውነቴ የተለየ ስለሆነ በልኬ ካልተሠራ አይሆንም»

አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። በልክ ከማሠራት በፊት አሁን ያለዎትን ብስክሌት ይለኩ። ደልዳላ ወለል ላይ የኋላ ጎማውን ከግድግዳ ጋር አስነክተው ቀጥ አድርገው ያቁሙት። ከወለሉ እስከ ፔዳል ክንዶቹ ማዕከል፣ ከወለሉ እስከ መሪው ቱቦ አናት ይለኩ፤ ልዩነቱ ስታክዎ ነው። ከዚያ ከግድግዳው እስከ እነዚያው ሁለት ነጥቦች ይለኩ፤ ልዩነቱ ሪችዎ ነው። ከስቴሙ ሥር ያሉትን ቀለበቶች ቁመትና የስቴሙን ርዝመት ከጎኑ ይጻፉ። በመጨረሻም የሚያምዎትን ቦታ፦ አንገት፣ መዳፍ፣ ወገብ ወይም ጉልበት። ወደ ሻጩ ሲሄዱ ቁመትዎን ሳይሆን ይህችን ወረቀት ያሳዩት።