ሞል ምንድን ነው? የምኑ ሞል?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ለተፈታኞች ሲያስረዳ «አንድ ሞል ኦክስጅን ማለት 6.02×10²³ አቶም ነው» አለ። ሺህ ጊዜ የሰማሁት ነገር ነው። በቃ፣ አሁንስ መጻፍ አለብኝ።

ሞል መቁጠሪያ ነው፤ ልክ እንደ ደርዘን። ሞሉን በአቮጋድሮ ቁጥር፣ ማለትም በዚያው 6.02×10²³፣ ስታበዙት ቅንጣት ይሆናል፣ ቅንጣቱን ለቁጥሩ ስታካፍሉት ሞል ይሆናል። ይህን ካልኩሌተር ይሠራዋል። ካልኩሌተር የማይነግራችሁ ምን እየቆጠራችሁ እንደሆነ ነው።

አንድ ደርዘን ጥንድ ጫማ አለ እንበል። ጥንዱን ከቆጠራችሁ 12፣ ነጠላውን ከቆጠራችሁ 24፣ የማሰሪያውን ጫፍ ከቆጠራችሁ 48 ነው። ዕቃው ያው ነው። የኦክስጅን ጋዝም እንዲሁ ጥንድ ጥንድ ነው፦ ሁለት አቶም አንድ ሞለኪውል። አንድ ሞል ጋዝ 32 ግራም ይመዝናል፤ በውስጡ 6.02×10²³ ሞለኪውል፣ 1.20×10²⁴ አቶም አለ። ሰውየው የጠራው የአቶም ቁጥር የግማሽ ሞል ጋዝ ነው፤ 16 ግራም ብቻ።

«ኦክስጅን ያልኩት አቶሙን ነው» ይለኝ ይሆናል። እንግዲያው «አቶም» ይበላ! የሚቆጠረው ነገር በስሙ ይጠራ የሚለው የኔ ጭቅጭቅ አይደለም፤ የዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ደንብ ነው። ያው ሥርዓት ከ2019 ጀምሮ ቁጥሩን ራሱን 6.02214076×10²³ ብሎ ቆርጦታል። ስለዚህ «በ12 ግራም ካርበን-12 ውስጥ ያለው ብዛት» የሚለው ትርጉም ጡረታ ወጥቷል፤ ለፈተና ስሌት ግን ልዩነት አያመጣም።

ጨው ላይ የጫማው ምሳሌ ይፈርሳል። «የጨው ሞለኪውል» የሚል ሰው ስሰማ ያመኛል። በጨው ክሪስታል ውስጥ አንዱ ሶዲየም በ6 ክሎራይድ ተከብቧል፤ የትኛው የማን ጥንድ እንደሆነ መለየት አይቻልም። አንድ ሶዲየምና አንድ ክሎራይድ እንደ አንድ የሚቆጠሩት ለሒሳብ እንዲመች ነው። በዚያ አቆጣጠር 58.44 ግራም ጨው አንድ ሞል ነው፤ አዮኖቹን፣ ማለትም ሶዲየሙንና ክሎራይዱን ለየብቻ፣ ከቆጠራችሁ ግን ሁለት ሞል።

ላብራቶሪ የምትገቡ ደግሞ የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቡ። ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት ከያንዳንዱ ኮፐር ጋር 5 የውሃ ሞለኪውል ይዟል፤ አንድ ሞሉ 249.7 ግራም ነው። ውሃ የሌለው ነጩ 159.6 ነው። ሰማያዊውን መዝናችሁ ለ159.6 ካካፈላችሁ፣ የኮፐሩን ብዛት ካለው በላይ በ56 በመቶ አብዝታችሁታል።