«ሀገር በቀል እኮ ነው፣ ራሱን ይችላል»

ደብረ ብርሃን የሀገር በቀል ተክሎች ችግኝ አፍልቼ እሸጣለሁ። ግቢው ጥላ የበዛበት ሰው መጥቶ የሚለኝ ሁሌም ያው ነው። እስቲ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

«ጥላ ላይ ምንም አይበቅልም።» ይበቅላል። ቀጨሞ የሚባለው ቁጥቋጦና ቅጠለ ወፍራሙ እንደሁላ ግማሽ ቀን ፀሐይ ካገኙ አያማርሩም። ጠምበለልም አጥሩን ይዞ ይወጣል። እንዲያውም በኛ አገር የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ሜዳ ላይ ያለውን ችግኝ ሲያቃጥል፣ ዛፍ ሥር ያለው ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

«ጥላ ሁሉ አንድ ነው።» የግድግዳ ጥላና የባሕር ዛፍ ጥላ ምን አገናኛቸው? ባሕር ዛፍ ብርሃኑን ብቻ ሳይሆን ውሃውንም ይሻማል። እሱ ሥር ለመትከል ከሆነ ብራችሁን ያዙ።

«የወፍ ቆሎ የኛው ነው።» ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ወራሪ ቁጥቋጦ ነው። አለቀ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ሀገር በቀል እኮ ነው፣ ውሃም እንክብካቤም አይፈልግም» ይሉኛል። ጫካ ውስጥ ያለው ቁጥቋጦ ውሃ የሚያጠጣው ሰው የለውም፣ እውነት ነው፤ ግን እሱ ሥሩን ወደ ታች የሰደደ የከረመ ተክል ነው፣ እናንተ የገዛችሁት ደግሞ ሥሩ ፕላስቲክ ውስጥ የተጠቀለለ ሕፃን ነው። ክረምቱ ሲወጣ ካላጠጣችሁት ይደርቃል፣ ሌላ ምስጢር የለውም። አንዷ ደንበኛዬ «የሸጥክልኝ ቀጨሞ የሞተ ነበር» ብላ ተቆጥታ መጣች። ሄጄ ብነቅለው ጥቁሩ ፕላስቲክ እንዳለ ነው! ሥሩ መውጫ አጥቶ ዙሪያውን ተጠምጥሟል፣ አፈሩ እንደ ጡብ ደርቋል። እባካችሁ ፕላስቲኩን ቅደዱት። ሐምሌ ላይ ትከሉ፤ ከመስከረም በኋላ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱና ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ እስከሚቀጥለው ክረምት። ከወፍ ዋሻ ጫካ ነቅላችሁ አምጥታችሁ የምትተክሉትማ፣ ጫካውንም ጎዳችሁ፣ ሥሩ የተቆረጠውም አይጸድቅላችሁም።

ደግሞ ሀገር በቀል ማለት የትም ይሆናል ማለት አይደለም። ቆላው ሸዋ ሮቢት የሚመቸው ሁሉ እዚህ ውርጩን አይችልም። ቀጋ፣ የዱር ጽጌረዳው፣ ብርዱን ይችላል፣ ጥላ ላይ ስትተክሉት ግን አበባው ይሳሳል፤ እሾሁ አይቀንስም።

ምን ልትከል ለሚለኝ መልሴ ቀጨሞ ነው። ቅጠሉ ትንንሽ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ። መቀስ ይወዳል፣ እድገቱ ግን ቀስ ያለ ነው። ፍሬውን፣ ያንን ድሮ ሰው ለኮሶ ትል መድኃኒት የሚወስደውን፣ ማየት ከፈለጋችሁ ሦስት አራት አድርጋችሁ ውሰዱ፤ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ስለሆኑ አንዱ ብቻውን አያፈራም። አንድ ገዝቶ «ለምን አያፈራም?» እያለ የሚጨቀጭቀኝ ሰው ደግሞ አይጠፋም።